ሰላም የሚለው ስምና ዘመዶቹ

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ ኖረዋል። ይህ አባባል ስም የባለቤቱን ጠባይና ዕድል አስቀድሞ ይናገራል ከሚል እምነት የመነጨ ነው። ነገር ግን፣ ክቡር አንባቢ፣ መልአክ ያወጣውን ስም ሰው በሥራ ካልፈጸመው ምን ይረባል? ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ሰላም የሚለውን ስም እንመረምራለን፤ ይህ ስም እውነተኛ ዘመዱ ብዙ፣ በድምፅ ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነውና።

ነገሩን ከወሎ እንጀምር። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በጃማ ወረዳ፣ በደጎሎ ከተማ ገበያ መካከል አንድ ሰው ቆሞ «ሰላም!» ብሎ ቢጣራ፣ ከክርስቲያን ቤት የተወለደችውም፣ ከሙስሊም ቤት የተወለደችውም ዞር ትላለች፤ ስሙ የሁለቱም ነውና። በዚያው ደጋ በቦረና ወረዳ ያለችው ከተማ ደግሞ መካነ ሰላም ትባላለች። መካን በግእዝ ቦታ ማለት ነው፤ በዐረብኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መካነ ሰላም የሰላም ስፍራ ማለት ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዓመት የዛንዚባሩ ሱልጣን ማጂድ የቆረቆሯት የታንዛንያዋ ዳሬሰላምም ትርጓሜዋ የሰላም ቤት፣ የሰላም ማደሪያ ነው። የደጋዪቱ ከተማና የባሕር ዳሯ ከተማ ሳይተዋወቁ ሞክሼዎች ሆኑ ማለት ነው።

የቃሉ ሥር ሦስት ፊደላት ናቸው፤ እነርሱም ሰ፣ ለ እና መ ናቸው። የግእዝ፣ የዐረብኛና የዕብራይስጥ ቋንቋዎች ይህን ሥር በጋራ ወርሰውታል። የጥንት አሳቡም ሙሉ መሆን፣ ጉድለት የሌለበት መሆን፣ ከጉዳት መዳን ነው። በዕብራይስጥ ሻሎም ሰላም ሲሆን፣ ሻሌም ደግሞ ሙሉ፣ ያልጎደለ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው ሺሌም የሚለው ግሥ ዕዳን ከፈለ የሚል ትርጓሜ አለው፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው የጎደለውን ሞልቷልና። ይህን የመጨረሻውን ትርጓሜ ክቡር አንባቢ በልብዎ እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በግእዝ ተሳለመ ማለት ሰላምታ ተለዋወጠ፣ ተሳሳመ ማለት ነው። በአማርኛም ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ አዲስ አበባ ውስጥ መሳለሚያ የሚባለው ሰፈርም ስሙ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። በዐረብኛ አስለመ ማለት ራሱን ለፈጣሪ ሰጠ፣ ታዘዘ ማለት ሲሆን፣ እስልምና እና ሙስሊም የሚሉት ቃላት ከዚህ ይወለዳሉ። በአማርኛ ሰለመ የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው። ሰላምታውን ራሱን እንመልከት። የግእዙ ሰው ለብዙዎች «ሰላም ለክሙ» ይላል፤ ሙስሊሙ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል። ሰላም አንድ ነው፤ እናንተን የሚያመለክቱት ክሙ እና ኩም እንኳ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

በሰው ስምም ዝምድናው እንዲሁ ነው። ሰሎሞን ከሰላም የወጣ ስም ነው፤ ዐረቦች ሱለይማን ይሉታል። በወሎ ሰሎሞንና ሱለይማን ጎረቤታሞች ሆነው ሲኖሩ፣ የሚጠሩት በአንድ ንጉሥ ስም ነው። ገብረ ሰላም የሰላም አገልጋይ ማለት ነው፤ ዐብድ በዐረብኛ አገልጋይ ስለ ሆነ፣ አብዱሰላምም ቃል በቃል ያው ነው። ልዩነቱ ሙስሊሙ ሰላም ከአላህ ስሞች አንዱ መሆኑን አስቦ መሰየሙ ነው።

በድምፅ ብቻ የሚመስሉትን ደግሞ መለየት ይገባል። ሥላሴ ከሰላም ጋር አይዛመድም፤ በንጉሡ ሠ የሚጻፍ፣ ሦስትነትን የሚያመለክት፣ የሠላሳ ዘመድ ነው። ሰላቶ ወታደር ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጸልመ የሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ከሰላም ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያል፤ ትርጓሜው ግን ጨለመ ማለት ነው። እንግዲህ በሰላምና በጨለማ መካከል ያለው ርቀት በጆሮ አንድ ፊደል ብቻ ነው።

በታሪክም ያየነው ይህንኑ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያው በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ወደ አክሱም የተመለሱት ፍሬምናጦስ፣ ሕዝቡ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ሰየማቸው። ያን ስም የያዙት አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ቀብተው አነገሡ፤ ኋላ ግን ከንጉሡ ጋር ተጣልተው፣ በዚሁ በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ታስረው ሳሉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ስማቸው ሰላም ነበረ፤ ያረፉት ግን በእስር ቤት ነው። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎምም ስሙ የሰላም አባት ማለት ሆኖ ሳለ በአባቱ ላይ ሰይፍ አነሣ።

ወሎም እንዲህ ያለውን ፈተና ከሁለቱም ወገን ቀምሳለች። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ የነበረው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተቃጠለ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐፄ ዮሐንስ ታዘዘ፤ ብዙዎችም ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ነገሡ። ሰለመ የሚለውም ቃል፣ ተጠመቀ የሚለውም ቃል በግድ ሲፈጸም፣ ሰላም ከሥሩ ይደርቃል። በቅርቡም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ደሴና እስከ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ስንት ሰላም የሚባሉ ልጆች ከቤታቸው እንደ ወጡ እግዚአብሔር ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ዕዳው እንመለስ። የሰላም ሥር መሙላት፣ የጎደለውን መክፈል ከሆነ፣ ልጁን ሰላም ብሎ የሚጠራ ሁሉ ያልተከፈለ ዕዳ በራሱ ላይ ጽፏል ማለት ነው። ከተማውን መካነ ሰላም ያለ ሕዝብም እንዲሁ ነው። መልአክ ስም ያወጣል እንበል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሰው ነው። ክፍያውም በየማለዳው ይጀመራል፤ ጎረቤት በጎረቤቱ ደጅ ሲያልፍ፣ በግእዙም ይሁን በዐረብኛው፣ ሰላም ብሎ ሰላምታውን ከልቡ ሲሰጥ። ለክቡር አንባቢም ሰላም ይሁን።