«የሕክምና ጉዞ» ወይስ የመንገደኛ ሕክምና መድን?

ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ ሰዎች የቪዛ ሰነድ በሚያሟሉ ቢሮዎች ማስታወቂያ ላይ «የሕክምና ጉዞ ዋስትና» የሚል አባባል እየተለመደ መጥቷል። የእንግሊዝኛውን ስያሜ («travel medical insurance») ቃል በቃል ሲገለብጡ የተገኘ ነው። ጉዳቱ ግን ለጆሮ አለመመቸቱ ብቻ አይደለም። በአማርኛ የሕክምና ጉዞ ማለት ለመታከም የሚደረግ ጉዞ ነው፤ አገር ውስጥ ሕክምና አይገኝለትም ተብሎ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይዞ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ የሚሄድ ሕመምተኛ የሚያደርገው። የመድን ውሉ ግን የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ነው፦ ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሄዶ ሳለ ድንገት ለታመመ ወይም አደጋ ለደረሰበት። ለመታከም ብሎ የተጓዘ ሰው የሕክምና ወጪ በእንዲህ ያለ ውል በአብዛኛው አይሸፈንም። ስያሜው አንዱን ጠርቶ ውሉ ሌላውን ሲያስተናግድ፣ ስሙን አምኖ የገዛው ሰው የውጭ አገር ሆስፒታል ሒሳብ ሲመጣበት ብቻውን ይቀራል።

ውሉን የሚጠይቀውን ሕግ ብዙ አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ ለአጭር ቆይታ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ውል እንዲያቀርብ ያዛል። ውሉ በሸንገን የጋራ ቪዛ አገሮች ሁሉ የሚሠራ፣ የቆይታውን ቀናት በሙሉ የሚያካትት፣ አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትንም የሚሸፍን መሆን አለበት።

ስለ ስያሜው ስናስብ መጀመሪያ የሚጣለው «ዋስትና» ነው። ዋስ የሌላውን ዕዳ በራሱ ላይ የሚያነሣ ሰው ነው፤ ባለዕዳው ሳይከፍል ቢቀር ዋሱ ይከፍላል፣ ከዚያም ዞሮ ባለዕዳውን ይጠይቃል። የመድን ድርጅት ግን ውሉ በሚለው መጠን ለሆስፒታሉ ከከፈለ በኋላ ታካሚውን መልስልኝ አይልም፤ ለዚያ ነው አስቀድሞ አረቦን፣ ማለትም የሽፋኑን ዋጋ፣ የተቀበለው። «መድን» ግን ሥሩ ራሱ ይመሰክርለታል። ግዕዙ «ድኅነ» ነው፣ ዳነ፤ ከዚሁ ሥር መዳን፣ አዳኝና መድኃኒት ወጥተዋል። ከሕመም ጋር ለተያያዘ ውል ከዚህ የቀረበ ቃል ከየት ይመጣል? ደግሞም እንግዳ አይደለም፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ይጠራበታል፣ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ም ጽፎታል።

ታዲያ «የጉዞ ጤና መድን» ብንለውስ? አጭርና ያልተወላገደ ነው፤ ብዙ ሰውም ይመርጠዋል። እኔ የማልቀበለው አሶሳን ሳስብ ነው። ከተማዋ የምትገኝበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ብዙው በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው። ለእንዲህ ያለ አንባቢ ስያሜው ከሌላ ነገር ጋር የሚያምታታ መሆን የለበትም። በገጠሩ «ጤና መድን» ሲባል ቀድሞ የሚታየው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ በየዓመቱ መዋጮ ተከፍሎ የሚታደስ፣ ውል ባላቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚያሳክም መታወቂያ። ፊቱ ላይ «የጉዞ» የሚል ቢጨመርበት ያው መታወቂያ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሊመስለው ይችላል። «የመንገደኛ ሕክምና መድን» ግን ማንን፣ ለምን እንደሚሸፍን ይናገራል። መንገደኛ ከቤቱ ርቆ በሰው አገር ያለ፣ ነገ ተመላሽ ሰው ነው፤ አየር መንገዱም ተሳፋሪውን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «ሕክምና» ደግሞ የሚሸፈነው ጠቅላላ ጤናው ሳይሆን የአስቸኳይ ሕክምናው ወጪ መሆኑን ለይቶ ያስቀምጣል።

«ኢንሹራንስን ሹፌሩም ነጋዴውም ያውቀዋል፤ ኤምባሲው የሚቀበለውም የእንግሊዝኛውን ሰነድ ነው፤ ምን ያደክማል?» የሚል ይኖራል። ኢንሹራንስ የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አንነጥቅም። ነገር ግን ሰነዱን ኤምባሲው ቢያነበውም ገንዘቡን የሚከፍለውና የሚፈርመው መንገደኛው ነው፤ የሚፈርምበትን በሚገባው ቋንቋ ማወቅ መብቱ ነው። መድን የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው የሚሉም አሉ። መድኃኒት ከዚያው ሥር ወጥቶ በየመስጊዱ ደጅ፣ በየገበያው ያለ ልዩነት ሲነገር ይኖራል፤ ቋንቋው የሁሉም ስለሆነ ቃሉም የሁሉም ነው።

ይልቅ በአሶሳ ጥንቃቄ የሚሻው «አረቦን» ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ነጋዴ «ዓርቡን» ሲል ቀብድ ማለቱ ነው፣ ከዕቃው ዋጋ ላይ የሚታሰብ። የመድን አረቦን ግን የሽፋኑ ዋጋ ራሱ ነው፤ መንገደኛው ሳይታመም ቢመለስ ገንዘቡ አይመለስለትም። ቪዛው ቢከለከል ይመለስ እንደሆነ የሚወስነው ውሉ ነው። ስለዚህ የመድን ድርጅቶች ቅጾቻቸውን ሲያሳትሙ «የመንገደኛ ሕክምና መድን» ብለው በአማርኛ ይጻፉ፤ ከሥሩም የማይሸፈነውን በዚያው ፊደል መጠን ያስቀምጡ። አንባቢም ከመፈረምዎ በፊት አስቀድሞ የነበረ ሕመም ይሸፈን እንደሆነ፣ ለሆስፒታሉ ድርጅቱ በቀጥታ ይከፍል ወይስ እርስዎ ከፍለው በደረሰኝ ያስመልሱ እንደሆነ ይጠይቁ።