ትራክተር በተዳፋት ላይ፦ ከሐዲያና ከከምባታ መሬት አንጻር

ስለ እርሻ መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን ስለ መሄድ ነው። ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ በቀን ስንት ሄክታር እንደሚገለብጥ፣ ከጥማድ በሬ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይነግሩናል። ማታ ሥራው ሲያበቃ ያ ሁሉ ብረት የት እንደሚቆምና በምን እንደሚያዝ ግን እምብዛም አይነሣም። ለሜዳ አገር ይህ ዝምታ ብዙ ጉዳት የለውም። ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ሶሮ ለሚወርድ፣ ወይም በከምባታ ከዱራሜ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና ለሚጓዝ ባለሙያ ግን ዋነኛው ጥያቄ እርሱ ነው።

በጥንት ስሟ ዋቸሞ የምትባለው ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተምዕራብ ያለው ምድር ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ በስተምሥራቅ ያለው ደግሞ ወደ ብላቴ ተፋሰስ ወርዶ በሻሸጎ በኩል ወደ ቦዮ ሜዳ ይደርሳል። ከምባታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ የሰፈረ ሕዝብ ነው። ይዞታው ጠባብ፣ ሕዝቡ የበዛ ነው። እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ ይተከላል፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ከብት የሚታሰርበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት መስክ አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ከተዳፋት ላይ አምልጦ የሚንከባለል ነገር ባዶ ሜዳ አያገኝም፤ ማረፊያው የሰው ደጅ ነው።

አባቶቻችን ይህን ምድር በበሬ ሲያርሱ የማቆም ችግር አልነበረባቸውም። በሬ ፍሬኑ ከራሱ ጋር ነው፤ በተዳፋት ላይ ቢፈታም እግሩን ተክሎ ሣሩን ይግጣል። ሞፈርና ቀንበሩም በአንድ ሰው ትከሻ ወደ ቤት ይገባል። በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚሄድ መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ ሆኖ የመጣው ከባቡርና ከመኪና ጋር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ከእነዚህ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ከዚያም ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከጣልያን ጦር ጋር የገቡት፣ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሏቸው የፊያት የጭነት መኪናዎች ወራሪው ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዳገቶቻችን ላይ ሠርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የጭነት መኪናው ከሾፌሩ ሌላ ረዳት ነበረው። ረዳቱ በዳገት ላይ መኪናው ገና ቀጥ ከማለቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ በመውረድ ከጎማው ሥር ያስገባል። ታኮው ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከመንገድ ዳር የተነሣ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ሥራው በስሙ የተሰጠው ሰው መኖሩ ነው። ትራክተር ግን የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። አንድ መቀመጫ ብቻ ይዞ መጣ፤ ረዳቱ ቀረ፤ ከረዳቱም ጋር ታኮው ቀረ። በእኔ አስተያየት የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከምባታና ሐዲያ አውራጃ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሆኖ መቀመጫው ሆሳዕና ነበር። በስዊድን ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እና እ.ኤ.አ. በ1970 በጎረቤት የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) የእርሻን ዘዴ ለማሻሻል የተነሡ ናቸው። በዚያው ወራት ትራክተር ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ በመፈቀዱ ባለመሬቶች በብዛት ገዙ፤ በጭላሎ ብዙ ጭሰኞች ለትራክተሩ ቦታ ለቀው ተነሡ። ትራክተሩ ያን ጊዜ የመረጠው ሰፊውንና ሜዳውን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ከወጣ በኋላ ትራክተሩ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተዛወረ፤ በ1970ዎቹም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ ቤላሩስ የተባለውን ትራክተር መገጣጠም ጀመረ። የመንግሥት እርሻ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ነገር ግን ትራክተሩ ማታ የሚገባበት ግቢ፣ ዘበኛና ኃላፊ መካኒክ ነበረው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ የግል ትራክተር በኪራይ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ስንዴውም በሜዳው ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ማሳው ትንንሽ ስለሆነ ትራክተሩ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ሌሊቱንም የሚያድረው በመሸበት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የብዙዎቹ የተለመዱ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ትራክተሩ ፊቱን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፤ ፍሬኑ ጎማውን አጥብቆ ቢይዘውም ጎማው ራሱ በረጠበ ቀይ አፈር ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ነገር የፔዳሎቹ ጉዳይ ነው። በማሳ ዳር በጠባቡ ለመዞር እንዲቻል የግራና የቀኝ ፍሬን ለየብቻ ተሠርቷል። በአንዳንድ የቆዩ ትራክተሮች የማቆሚያው መያዣ የሚይዘው ይህንኑ ፔዳል ነው። ሁለቱ ፔዳሎች በማያያዣው ሳይጣመሩ መያዣው አንዱን ብቻ ከያዘ፣ የተያዘው ጎማ እንደ ካስማ ይተከልና ነጻው ጎማ ይዞራል፤ ትራክተሩም ጎኑን ለቁልቁለቱ ይሰጣል። ጎኑን ከሰጠ በኋላ የሚገለበጠው ወዲያው ነው።

ማርሽ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ፊቱ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ይሁንና ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚባለው ሁለተኛው ዘንግ መሐል ላይ ከቀረ ዋናው ማርሽ መግባቱ ከንቱ ነው። ያረጀ ሞተርም እምቅ አየሩን በፒስተኑ ዙሪያ ቀስ በቀስ ስለሚያፈስ፣ ሰው ሳያየው ትራክተሩ ጥቂት በጥቂት ይሄዳል። በማሲ ፈርጉሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣው «መልቲ ፓወር» የተባለው አሠራር ደግሞ በዝግተኛው ደረጃ ላይ ሳለ ቁልቁለት ሲወርድ በሞተር አይያዝም፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በማርሹ መተማመን አይቻልም። የዛሬዎቹ በሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን የሚሠሩ ትራክተሮችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ከሳቡ በኋላ ማረሻውን መሬት ላይ አውርዶ ማስቀመጥና በቁልቁለቱ በኩል ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በታኮ መያዝ ያስፈልጋል። የተጫነ ተሳቢን ግን በተዳፋት ላይ ፈትቶ መተው ፈጽሞ አይገባም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሾፌር ለምን ከዳገት አናት ላይ ያቆማል? መልሱን በሙያው ያለን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ባትሪው ስለደከመ ነው። ጠዋት በግፊ ለማስነሣት ትራክተሩ ቁልቁለት ያስፈልገዋል፤ ማርሹም ወጥቶ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ተደግፎ ያድራል። እንዲህ ያለውን ሾፌር ሰነፍ ማለት ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ኪራዩ የሚታሰበው በታረሰው መሬት ልክ ነው እንጂ በባትሪው ጤንነት አይደለም። ስለዚህ ተጠያቂው ከሾፌሩ ይልቅ ባለንብረቱ ነው እላለሁ።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ የመከላከያ ክፈፍ እንዲኖረው በሕግ ደነገገች። ከ100,000 ትራክተር በዓመት 17 ያህል የነበረው በመገልበጥ የሚደርስ ሞት እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 0.3 ወረደ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ እኛም ልንከተለው ይገባል። ነገር ግን ክፈፉ የሚያድነው በመቀመጫው ላይ ያለውን ሰው ነው። ሰው ሳይኖርበት ከቆመበት ለወረደ ትራክተር፣ ከታች በመስኩ ላይ ለሚጫወቱት ልጆችም የሚሆን ክፈፍ የለም።

ለእነርሱ የሚሆነው ታኮ ነው። ድንጋይ ግን በየቦታው በልክ አይገኝም፤ ሲገኝም ጠዋት ሾፌሩ ከመንገዱ ሳያነሣው ትቶት ስለሚሄድ ለሚቀጥለው መኪና መሰናክል ይሆናል። ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ፣ በሰንሰለት ከትራክተሩ ጋር የታሰረ ሁለት ታኮ ማንኛውም አናጢ በግማሽ ቀን ሊሠራው የሚችል ነው። አከራይና ተከራይ በሚፈራረሙት ውል ውስጥም ነዳጁና የሾፌሩ ምሳ በማን እንደሚሸፈን ሲጻፍ፣ ትራክተሩ ሌሊት የሚያድርበት ደልዳላ ቦታ የቱ እንደሆነ አብሮ ሊጻፍ ይችላል።