አሮጌ መኪናችን ላይ የምናስገጥማት ሪሞት ከየት መጣች?

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ገለል ልበል። አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ለዲኤክስ ኮሮላው ሪሞት አስገጠመ። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሲጫናት መኪናዋ ፍሬቻዋን ብልጭ አድርጋ ተቆለፈች፤ እሱም እንደ ልጅ ሳቀ። «ኮዱ ይቀያየራል ወይስ ሁሌ አንድ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ሳቁ ቆመ። የገጠመለት ባለሙያም መልስ አልነበረውም።

ጥያቄው የ40 ዓመት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የፈረንሳዩ ሬኖ «ፉዌጎ» የተባለችውን መኪና በሪሞት የምትከፈት አድርጎ ገበያ አወጣት። ፈጠራው የፖል ሊፕሹትዝ ነው፤ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የመኪና ሪሞትን «ፕሊፕ» የሚሉት ከስሙ ቆርጠው ነው። እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በኢንፍራሬድ ስለምትሠራ ወደ መኪናው ማነጣጠር ግድ ነበር። በኋላ የሬዲዮ ሞገድ ቦታውን ያዘና ከኪስ ሳትወጣም መክፈት ተቻለ። ሬዲዮን ግን ማንም ይሰማዋል። ሪሞቷ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የምትልክ ከሆነ፣ አንዴ የቀዳው ሰው መልሶ ሲልከው መኪናው ባለቤቱን ከሌባው አይለይም።

መፍትሔው ከአፍሪካ መጣ ብል ስንቶቻችሁ ታምናላችሁ? በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በደቡብ አፍሪካው ናኖቴክ ኩባንያ ጊዲዮን ኩን «ኪሎክ» የተባለውን የምስጢር ቀመር ሠራ። ሪሞቷ በተጫነች ቁጥር አዲስ ቁጥር ትልካለች፤ መኪናው ያለፈውን ቁጥር ዳግም አይቀበልም። በ1995 የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው።

ይኼም ቢሆን አልተኛለትም። በ2008 የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፑ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ለክተው የአምራቹን ቁልፍ አወጡ። በ2015 ሳሚ ካምካር ወደ 32 ዶላር በሚፈጅ መሣሪያ ሌላ መንገድ አሳየ፦ መሣሪያው ሞገዱን ያፍንና የመጀመሪያውን ኮድ ይቀዳል፤ ባለቤቱ «አልሠራም» ብሎ ሲደግም ሁለተኛውንም ቀድቶ የመጀመሪያውን ይለቅለታል። በሩ ይታዘዛል፤ ያልተነካው ኮድ ሌባው ኪስ ይቀራል።

ወደ እኛ ጋራዥ ልመለስ። የበሩ ፓኔል ይፈታል፣ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ሞተር ከመቆለፊያው ዘንግ ጋር ይታሰራል፣ መቀበያው ዳሽቦርድ ሥር ይገባል። ሥራው ይኼው ነው። ርካሽ ሪሞቶች ውስጥ የሚገኘው «ኢቪ1527» የተባለ ቺፕ ወደ 1 ሚሊዮን ከሚጠጉ ቁጥሮች አንዱን ይዞ ይወለዳል። ብዙ ይመስላል፤ ግን ያ ቁጥር እስከ ዕለተ ሞቱ አይለወጥም። ናኖቴክ ከ40 ዓመት በፊት የዘጋው ቀዳዳ በእኛ በር ተመልሶ ይከፈታል ማለት ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌዎቹን ነው ይዘን የምንቆየው።

እኔን የሚቆጨኝ ማስረጃው ነው። የእኔ መኪና ተከፍቶ ላፕቶፔ ሲወሰድ መስታወት አልተሰበረም፣ በሩም አልተጫረም። የነገርኳቸው ሁሉ «ሳትቆልፍ ሄደህ ነው» አሉኝ። በኮድ የተከፈተ በር ጭረት የለውምና ምን ብዬ ልከራከር?

ወዳጄ በማግስቱ ተመልሶ ኮዱ የሚቀያየር ዕቃ አስለወጠ፤ ጨምሮ ከፈለ፣ አጉረመረመም። አሁን ሪሞቷን ተጭኖ እጀታውን ሳብ ሳያደርግ አይሄድም። የብረት ቁልፉንም ከቀለበቱ አላወጣትም።