ጥፋቱ የእግረኛው ነውን? ስለ ዜብራ ማቋረጫና ስለ ቡሬ አውራ ጎዳና

ብሩስ ሄርምስ በሳን ዲዬጎ ከተማ ያካሄደው የእግረኛ ማቋረጫ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። 400 መስቀለኛ መንገዶችን መርምሮ፣ ቀለም በተቀባ ማቋረጫ ላይ የተገጩት ሰዎች ባልተቀባው ላይ ከተገጩት ስድስት እጥፍ ገደማ መሆናቸውን አገኘ፤ የተሻጋሪው ብዛት ሲታሰብ ልዩነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። በቆጠራው አልጣላም። የምቃወመው ፍርዱን ነው፤ ጥፋቱን በእግረኛው ጥንቃቄ ማጣት ላይ ጥሎታልና። «ዜብራ ሲያይ ይዘናጋል» የሚለው ክስ ዛሬ በእኛም አገር ከሾፌር አፍ አይጠፋም።

ክሱ ማስረጃ የለውም። ሪቻርድ ኖብላውክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ማቋረጫው ከመቀባቱ በፊትና በኋላ እግረኞችን ተመልክተዋል፤ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ግራ ቀኙን የሚያየው ሰው በዛ እንጂ አላነሰም። ቻርልስ ዜጊርና ባልደረቦቹ ደግሞ በ30 የአሜሪካ ከተሞች 1,000 የተቀቡና 1,000 ያልተቀቡ ማቋረጫዎችን አነጻጸሩ። በሁለት መስመር መንገድ ላይ ልዩነት አልታየም። አደጋው የጨመረው በቀን ከ12,000 በላይ ተሽከርካሪ በሚያልፍበት፣ ብዙ መስመርና ቀለም ብቻ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ ነው። መዘናጋት ምክንያቱ ቢሆን ኖሮ በጠባቡም መንገድ ሰው በገደለ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የመንገዱና የፍጥነቱ ነው።

በአዲስ አበባ፣ ለገሃርና ሰባተኛ በተባሉት መስቀለኛ መንገዶች ላይ መንገዱ ተለውጦ የእግረኛው ቦታ ሰፍቶ የሚሻገረው ርቀት አጥሯል። የሚያሳስበኝ የኢሉባቦሩ ቡሬ ነው። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርደው መንገድ፣ በሲራራ ዘመን ቡና የጫነ በቅሎ ያለፈበት አቅጣጫ፣ የከተማዋም ዋና ጎዳና ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ ሚኒባስ ዜብራው አፍ ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል። እንጨት የተሸከመች ሴት ከፊቱ ትሻገራለች፤ ከኋላ የመጣው አይሱዙ ሚኒባሱን ሊቀድም ወደ ግራ ይወጣል። ሚኒባሱ እሷን ከአይሱዙው ሾፌር፣ ሾፌሩንም ከእሷ ጋርዷል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ30 ግን ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እሷ የቱን ያህል ብትጠነቀቅ ይህን ሂሳብ አትለውጠውም።

የአሜሪካ ውጤት እንዳለ ለኢሉባቦር እንደማይሠራ አምናለሁ፤ የፍጥነት ሕግ ግን አገር አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የገዳይ አደጋ ስጋት በ4 በመቶ ያድጋል። «ጭነት ይዘገያል» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር በ60 አንድ ደቂቃ፣ በ30 ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። የአንዲት ደቂቃ ክርክር ነው። «ሕዝቡ ይማር» ለሚሉትም፣ ትምህርት የቆመ ሚኒባስ ገልጦ አያሳይም።

የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ በማቋረጫ ላይ ቅድሚያውን ለእግረኛ ሰጥቷል፤ አስፋልቱ ግን ሾፌሩን አያስገድደውም። የሚያስገድደው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ እንደ ሰፊ ጉብታ የተሠራ ማቋረጫ ነው። በቡሬ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማቋረጫ ገበያተኛ በሚበዛበት ቦታ ይሠራ። ሚኒባሶችም ማቋረጫውን አልፈው ይቁሙ፤ ያኔ የወረደው ተሳፋሪ ከኋላቸው ይሻገራል፣ የሚመጣውም ሾፌር ያየዋል።