ክፍት ኮድና የተጠቃሚው ዓይን፦ የግኖም ገጽታ ታሪክ



የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የፈቃድና የኮድ ጉዳይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውን ገጽታ ነው።

ግኖም የተሰኘውን የዴስክቶፕ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና ጀመሩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠሩትም የሚጠቀሙበትም በአብዛኛው የሙያው ሰዎች ነበሩ። ሠሪዎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ክርክሩን ማለፍ የሚቀለው አንድ ተጨማሪ ምርጫ በማስገባት ነበር። በእኔ ንባብ የቅንብር መስኮቱ ያልተቋጩ ክርክሮች መዝገብ ሆነ፤ ፍርዱም በተጠቃሚው ላይ ወደቀ።

በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ተጠቃሚዎችን አስቀምጦ በግኖም ሲሠሩ ተመለከተ፤ የት እንደሚደናገሩም ታወቀ። በ2002 የወጣው ግኖም 2 ብዙ ምርጫዎችን ቀነሰ፤ የገጽታ ንድፍ መመሪያም ተዘጋጀለት። ከፕሮጀክቱ መሪዎች አንዱ የነበረው ሀቮክ ፔኒንግተን በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ምርጫ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለ ጽፎ ተከራከረ።

ይሁን እንጂ መቀነስ ብቻውን ጥራት አይሆንም። በ2011 ግኖም 3 ሰዎች የለመዱትን የታችኛውን የመስኮቶች ዝርዝር ሲያነሣ ብዙዎች ቅር ተሰኙ፤ ከፊሎቹም የግኖም 2ን ኮድ ወስደው ማቴ በሚል ስም ቀጠሉበት። የኮዱ ክፍትነት ተለይቶ ለመውጣት መብት ሰጣቸው፤ ለመደመጥ ግን ዋስትና አልሆናቸውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሙያውን የማያውቅ ሰው አስቀምጡና ምንም ሳትናገሩ ተመልከቱት።