የዳነ ሰው ዕዳ፤ ከ«ልብ ወለድ ታሪክ» እስከ «ፍቅር እስከ መቃብር»

ያንዣበበ ጦርነት፣ በመሐላ ወይም በጋብቻ የሚጸና ወዳጅነት፣ ከሞት አፋፍ የሚመለስ ሕመምተኛ፤ እነዚህ ሦስት ነገሮች የሌሉበት ታላቅ የምናብ ታሪክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በአውሮፓ የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። እንግሊዛዊው ቶልኪን በሦስት ጥራዝ ያሳተመው ድርሰት የመጨረሻው ክፍል ገበያ ላይ የዋለው በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ክፍል እውነተኛው ንጉሥ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ቁስለኞችን የሚፈውስ እጁ ነው። በዚያው በ1948 ዓ.ም. በእኛ አገር ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። የሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ዓመት መውጣት አጋጣሚ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ እንዳነሣ አድርጎኛል። በእኛ ልብ ወለድ ውስጥ ፈውስ የማን ሥልጣን ነው? የዳነውስ ሰው ለማን ምን ይከፍላል?

ጥያቄውን የምመረምረው ከጎጃም በወጡ ሁለት ደራሲዎች ሥራዎች ነው። አንደኛው የዘጌው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ሁለተኛው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሁለቱን መጻሕፍት የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻና ከፍታ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እስካሁን በቂ ትኩረት ያላገኘ የሚመስለኝ ጉዳይ ሌላ ነው። ሁለቱም ታሪኮች የሚንቀሳቀሱት ከአንድ ዓይነት ምንጭ፣ ይኸውም ነፍሱ ከተረፈች ሰው ዕዳ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በአማርኛ ከበሽታ የተፈወሰም፣ ከጠላት እጅ ያመለጠም፣ ነፍሱ የጸደቀችለትም ሰው «ዳነ» ይባላል። ሥሩ የግእዙ «ድኅነ» ነው። «መድኃኒት» ቅጠል ሊሆን ይችላል፣ አዳኝም ሊሆን ይችላል። ይህን መንታ ፍቺ ከማንም በላይ የሚያውቀው የቅኔ ተማሪ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተከታተሉት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ደብረ ኤልያስ ከጎዛምን በስተምዕራብ የሚዋሰን፣ በደቡብ እስከ ዓባይ የሚዘልቅ አገር ነው፤ ስሙም የሚነሣው በቅኔ ነው። በዚያ ያለ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ሲወጣ የሚለማመደው አንድ ቃል ሁለት ሸክም እንዲሸከም ማድረግን ነው። «ድኅነት» ብሎ መዳንን ሲያነሣ፣ በጆሮ ብቻ የሚሰማው ሰው «ድህነት» ማለትም ማጣትን ሊሰማ ይችላል። በፊደል ይለያያሉ፤ በአማርኛ አፍ ግን አይለያዩም። ይህን የምጠቅሰው ለጨዋታ አይደለም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ መዳንና የወላጆቹ ድህነት ሲተሳሰሩ እንደምናይ ለማመልከት ነው።

ለጥናት ጉዳይ ወደ ደብረ ኤልያስ በሄድሁ ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስተዋልሁት የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ ይዞ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እንጀራ የሰጠችው እናት ስሙን አትጠይቀውም፤ እሱም ስሟን ላያውቅ ይችላል። ዕውቀቱ ሁሉ የተገነባው ማን እንደሰጠው በማያውቀው ቁራሽ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ዕዳ ለሰጪው መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው በጸሎት፣ በማስተማር ወይም በሕይወት ነው። ሐዲስ ይህን ኑሮ ያውቁታል፤ በዛብህንም በዚሁ ኑሮ ውስጥ አሳልፈውታል።

አሁን ወደ አፈወርቅ ልመለስ። በ«ልብ ወለድ ታሪክ» አንድ የክርስቲያን ጦር በአረመኔ ንጉሥ ጦር ድል ይሆናል፤ የጦሩ አለቃም ይማረካል። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል፤ ምላሽም አይፈልግም። ታሪኩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። የማያበቃው መንታ ልጆች ስላሉትና ወንዱ ልጅ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ሳይመልስ መቀመጥ ስላልቻለ ነው። ውለታ ሊመልስ የወጣው ልጅ ራሱ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። ስለዚህ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መንታ ወንድምና እኅት፣ ወንድ መስላ የምትዞር ልጃገረድ፣ በማንነቷ የሚሳሳቱ ሰዎች፤ የሼክስፒርን «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ያነበበ ሁሉ ዝምድናውን ያስተውላል። እኔ ግን የእኛን ገድልና ተረትም አብሮ ማስታወስ ይገባል ባይ ነኝ፤ ወንድ መስለው ገዳም የገቡ ቅዱሳት ሴቶች ታሪክ በስንክሳራችን አለ።

ፍጻሜው ይታወቃል። ድል አድራጊው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ይሸነፋል፤ ሃይማኖቷን ይቀበላል፤ ያገባታልም። ጦርነቱ በሠርግ ይዘጋል። የተሸነፈው ወገን በጦር ሜዳ ያጣውን በአንዲት ልጅ መልክና እምነት ያስመልሳል። የዳነው ሰው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፤ ትርፍም ይገኝበታል።

ይህ ፍጻሜ ውብ ቢሆንም የደራሲውን የራሱን ታሪክ ሳያስቡ ማንበብ ያስቸግራል። መጽሐፉ የወጣው ከዐድዋ ድል 12 ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ጦር ሲሆን፣ በልብ ወለዱ ግን የክርስቲያኑ ጦር ተሸናፊ ሆኖ እናገኘዋለን። አፈወርቅ በዚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ኢጣልያ ወገን የዞሩ፣ ከዚያም በኔፕልስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ልብ ወለዱ ለዚህ ምሥጢራዊ መልስ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ንባብ ደራሲን በሌለበት መክሰስ ይሆናል። ሆኖም ከባዕድ ንጉሥ ጋር በፍቅር መታረቅ ይቻላል፣ ኃይለኛውም በተሸናፊው ጥበብ ይለሰልሳል የሚለው ተስፋ በእንግዳ አገር ለሚኖር ሰው ቅርብ ተስፋ መሆኑ አይካድም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ እንደገና ስትመጣ እሳቸው ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ ከነጻነት በኋላም በግዞት ጅማ ላይ አረፉ። ንጉሡ በሠርግ አልተለወጠም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ያንኑ የ1928 ዓ.ም. ጦርነት በሌላው ወገን አይተውታል። ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ያ ጦር ከጎጃም የተነሣ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና በር ጠላትን ድል አድርጓል፤ በዚያው ወርም የሰናፍጭ ጋዝ ወርዶበታል። ጎጃም ውስጥ በስተኋላ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፍተው ስለነበር ዘማቹ በፊቱ ጠላትን፣ በጀርባው የቤቱን ሰላም ማጣት ይዞ ነው የተዋጋው። ጋዙ ያቃጠለው ሰው በአገራችን ወጌሻም፣ ቅጠል አዋቂም፣ ጠበልም የማያውቁት ቁስል ነበረበት። ሐዲስ በኋላ ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች፣ በፖንዛና በሊፓሪ ታሰሩ። ይህን ዘመን በ«ትዝታ» መጽሐፋቸው ተርከውታል።

እንዲህ ያለ ጦርነት ያየ ደራሲ ታላቁን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ስለ ተከዜ አለመጻፉ ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል። እኔን አያስገርመኝም። ሐዲስ ጦርነቱን ወደ ጎጃም መልሰው፣ በባለርስቱና በባላገሩ መካከል አደረጉት። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ከልማድ በላይ ግብር ይጠይቃሉ፤ ባላገሩ እምቢ ይላል፤ ፊታውራሪውም የራሳቸውን ጭሰኞች ሊወጉ ይዘምታሉ። በአበጀ በለው የሚመራው ባላገርም ይማርካቸዋል። በአፈወርቅ ታሪክ የተማረከው የጦር አለቃ የሚያሳዝን ሰው ሲሆን፣ በሐዲስ ታሪክ የተማረኩት ፊታውራሪ ግን የሚያስቁም የሚያሳዝኑም ናቸው። በልማድ ያደገ ኩራት ሲዋረድ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስትና ወዲያውም እንደሚያሳፍር ሐዲስ ያውቃሉ። ባላገሩ ፊታውራሪውን ማርኮ አገሩን አልወሰደም፤ ሥርዓቱ እዚያው ቆሟል።

ጋብቻም በዚህ መጽሐፍ የዕርቅ በር መሆኑ ቀርቶ የተዘጋ በር ሆኗል። ሰብለ ወንጌል ዕድሜዋ እያለፈ የምትቀመጠው በዘር የሚስተካከላት ባል እየተፈለገ ነው። ወዳጅነት የሚሰፋው በጋብቻ ከሆነ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ዘራቸውን ሲጠብቁ ቤታቸውን ከጎረቤትም ከባላገርም ቆርጠው አስቀርተዋል ማለት ነው። ሐዲስ ገና በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ተውኔት መጻፋቸው ይታወሳል፤ ያልሰመረ ጋብቻን የአገር ምልክት ማድረግ ለሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም።

የመጽሐፉ ጥልቅ ጉዳይ ግን የበዛብህ ብፅአት ነው። ውድነሽ በጣሙ ባል አይበረክትላትም ተብላ የተፈራች ሴት ናት፤ ቦጋለ መብራቱ ደግሞ ድኻ ነው። በዕድሜ ከገፉ በኋላ ያገኙት ልጅ ሲታመምባቸው ከዳነ ለእግዚአብሔር ሊሰጡት፣ ሳያገባ በድንግልና ሊያገለግል ይሳላሉ። ልጁ ይድናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቱ የራሱ አይደለም። ዋሕድ የአባቱን ዕዳ ለመክፈል በራሱ ፈቃድ ነው የወጣው፤ በዛብህ ግን አፉን ሳይፈታ ተከፍሎበታል። ለሰብለ ያለው ፍቅር የሚከብደው በዘር ማነስ ብቻ ሳይሆን በዚህ ስለት ጭምር ነው። ሃያስያን በተለይ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መጽሐፉን የባላባቱን ሥርዓት ማጋለጫ አድርገው ማንበባቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባላባቱን ብናነሣው እንኳ ብፅአቱ ይቀራል። ይህን የጫኑበት ግፈኞች ሳይሆኑ የሚወዱት እናትና አባቱ ናቸው። ምስኪን ወላጆች ለፈውስ የሚከፍሉት ርስት ስለሌላቸው ያላቸውን ብቸኛ ሀብት ከፈሉ። ከላይ የጠቀስሁት የድኅነትና የድህነት መንታ ድምፅ እዚህ ላይ በግልጽ ይሰማኛል።

ጉዱ ካሣንም በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። አገሩ በሽተኛ ነው የሚለው እሱ ብቻ ሲሆን፣ አገሩ ደግሞ በሽተኛ የሚለው እሱን ነው። በተለመደው የጀግና ታሪክ ፈዋሽ የሆነ ሰው ይነግሣል፤ በዚህ መጽሐፍ ግን «ጉዱ» የሚል ቅጽል ይሰጠዋል። ካሣ ደግሞ ቅጠል የለውም፣ ሥልጣን የለውም፤ ያለው የቅኔ ሰው አንደበት ነው። ንግግሮቹ አንዳንድ ጊዜ ከታሪኩ ፍሰት ውጭ ረዝመው ስብከት መምሰላቸውን አልክድም፤ ደራሲው እዚህ ላይ ለገጸ ባሕርዩ የሰጡት ነጻነት ከመጠን ያለፈ ነው። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እነዚያው ንግግሮች በቃል እስከ መያዝ ደርሰዋል፤ ለዓይን የረዘመው ለጆሮ አልረዘመም።

በመጨረሻ ሰብለ ወንጌል እንደ ጦቢያ ልብስ ትለውጣለች። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። ልዩነቱ ሁሉ የሚታየው በዚህ ተመሳሳይነት ውስጥ ነው። ጦቢያ ከአባቷ ጋር ወጥታ፣ የለበሰችው የወንድ ልብስ ሲገለጥ ንግሥት ትሆናለች። ሰብለ ከአባቷ ሸሽታ፣ የምትፈልገውን ሰው የምታገኘው በወንበዴ እጅ ቆስሎ ነው። አንድ ጊዜ በስለት የዳነው ልጅ ሁለተኛ አይድንም። እሷም ያን ለማምለጫ የተዋሰችውን የምንኵስና ልብስ ከዚያ በኋላ የእውነት ትለብሰዋለች።