«አላውቀውም» ያሉት መድኃኒት ሻጮች



ራስ ምታት ሲይዘን፣ ሲያስለን ወይም ጨጓራችን ሲያቃጥለን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ነው። መስኮቱ ጋ ቆመን የመድኃኒቱን ስም እንጠራለን፣ እንከፍላለን፣ እንሄዳለን። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ምን ማወቅ፣ ምንስ መጠየቅ እንዳለበት ማሰብ የዛሬ ጉዳይ ይመስለናል። በባግዳድ ግን ጥያቄው ኸሊፋ ፊት የቀረበው ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ኸሊፋው አል-መእሙን ነበር (እ.ኤ.አ. 813–833)። ታሪኩን ያቆየልን የሐኪሞችን የሕይወት ታሪክ የሰበሰበው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ነው፤ የሞተው በ1270 ነው። እንደ ዘገባው ዩሱፍ ለቅዋ የሚባል የኪሚያ ሰው ለኸሊፋው አንድ ነገር ይነግረዋል፦ መድኃኒት ሻጮች የጠየቅሃቸውን ሁሉ አለን ይላሉ፤ ባይኖራቸውም ከእጃቸው ካለው አንዱን አንስተው ይሰጡሃል። ካላመንክ በዓለም ላይ የሌለ የመድኃኒት ስም ፍጠርና ሰው ልከህ ፈትናቸው ይለዋል። አል-መእሙን ስሙን ወዲያው አገኘ፤ «ሰቃጢሣ» አለ። ሰቃጢሣ መድኃኒት አይደለም፤ ባግዳድ አጠገብ ያለ የእርሻ ቦታ ስም ነው። የተላኩት ሰዎች በየሱቁ ሰቃጢሣ አለህ ወይ እያሉ ዞሩ። ሁሉም አለን አሉ፤ ዋጋውን ተቀብለው የሆነ ነገር ሰጧቸው። ሲመለሱ አንዱ ዘር፣ አንዱ የድንጋይ ቁራጭ፣ ሌላው የእንስሳ ጠጉር ይዞ ኸሊፋው ፊት ቀረበ።

የሚያስቅ ነው፤ ግን ያንን ድንጋይ ፈጭቶ ለታመመ ልጁ የሚያጠጣ አባትም እዚያው ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር።

ይህን ታሪክ ለጦር አዛዡ አፍሺን የነገረው ዘከሪያ ኢብኑ ጠይፉሪ የተባለ ሐኪም ነው። አፍሺን በ830ዎቹ የባበክን አመጽ ለመደምሰስ አዘርባይጃን ዘምቶ ሳለ የሰፈሩን ነጋዴዎች በሙሉ አስመዘገበ። ተራው መድኃኒት ሻጮች ጋ ሲደርስ፣ ከሁሉም በላይ መቆጣጠር ያለብን እነዚህን ነው አለ። ስለ ሰቃጢሣ ሲሰማም ከአገሩ ከኡሽሩሰና ሰዎች መዝገብ 20 ያህል ስሞች አስወጣና መድኃኒት አስመስሎ ላከባቸው። ገሚሶቹ አላወቅነውም አሉ። ገሚሶቹ አለን ብለው ገንዘብ ተቀብለው ሸጡ። አፍሺን ሁሉንም አስጠራቸው። አላወቅነውም ላሉት በሰፈሩ እንዲቀመጡ የፈቃድ ወረቀት ጻፈላቸው፤ ሌሎቹን አባረራቸው። (የአፍሺን የራሱ መጨረሻ አላማረም፤ በኸሊፋው በአል-ሙዕተሲም እስር ቤት ነው የሞተው። ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።)

ልብ በሉ፤ ፈቃድ ያስገኘው መልስ «አላውቀውም» ነበር። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ዳሚን፣ ማለትም ተጠያቂ ነው የሚል መልእክት ያለውን ሐዲሥ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። የአፍሺን ውሳኔ ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም።

የሚገርመው ይኸው ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑ ነው። የፋርማሲ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች በሽተኛ መስሎ የሚገባ የሠለጠነ ሰው ይላካል። የሳል ሽሮፕ ወይም የሕመም ማስታገሻ ይጠይቃል። ሻጩ ለማን ነው? ምን ምን ይሰማዋል? ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው? እስካሁን ምን ወሰደ? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? ብሎ ጠየቀ ወይስ ዝም ብሎ ሸጠ የሚለው ይታያል። ከአል-መእሙን የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ «ደንበኛው» ማንነቱን ገልጦ ምን እንደጎደለ እዚያው ይነገራል፤ የሚባረር የለም። እኛ ይህኛው ይሻላል እንላለን፤ የተባረረ ሻጭ ሌላ ከተማ ሄዶ ያንኑ ድንጋይ ይሸጣልና።

ጥያቄዎቹ ለወግ አይደሉም። ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛል፤ ሁለት ዓይነት ክኒን የገዛ ሰው ሳያውቅ እጥፍ መጠን ወስዶ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ለወገብ ሕመም የምንገዛው ዳይክሎፈናክ ጨጓራ ያደማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። በረመዷን ደግሞ ይህን ክኒን ምግብ ሳይቀምስ የሚውጥ ስንት ሰው አለ! ከኢፍጧር ወይም ከሱሑር ምግብ ጋር ውሰደው ለማለት ግን ሻጩ መጾምህን መጠየቅ አለበት።

ወደ ባግዳድ እንመለስ። በ931 (319 ሂጅራ) አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሲናን ኢብን ሣቢት ሳይፈትነው ማንም እንዳያክም አዘዘ። ከ860 በላይ ሰዎች ተፈተኑ። ከነሱ አንዱ ልብሱ ያማረ፣ ግርማ ያለው ሽማግሌ ነበር። ሲናን አክብሮ አስቀመጠውና ከማን እንደተማረ ጠየቀው። ሽማግሌው ወርቅ ከፊቱ አኖረና ማንበብና መጻፍ እንደማይችል፣ ቤተሰቡ ግን በዚህ ሥራ እንደሚተዳደር ተናዘዘ። ሲናን ሳቀ። የማታውቀውን ለበሽተኛ አትስጥ፣ ደም አታውጣ፣ ከቀላል ሕመም በቀር የሚያስቀምጥ መድኃኒት አታዝ ብሎ ፈቀደለት። ሽማግሌውም ድሮም ከሰከንጀቢንና ከጁላብ አልፌ አላውቅም አለ፤ ሁለቱም የቤት ጣፋጭ መጠጦች ናቸው፣ አንዱ ከኮምጣጤ አንዱ ከጽጌረዳ ውሃ። በማግስቱ አንድ ወጣት መጣ። ከማን ተማርክ ቢባል ከአባቴ አለ፤ አባትየው የትናንቱ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ሲናን በአባቱ መንገድ እንዲሄድና ከዚያ እንዳያልፍ ነግሮ አሰናበተው።

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት የሚባለው ሐሳብ፣ ስሙ ባይኖርም፣ እዚህ አለ፦ ቀላል ሕመም፣ ቀላል መድኃኒት፣ የታወቀ ድንበር።

ነገር ግን የሲናን ፈተና የአንድ ቀን ነው። በየቀኑ ሱቁን የሚያየው ሙሕተሲብ፣ የገበያ ተቆጣጣሪው ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች በጻፈው መመሪያ ኦፒየም ከምን ከምን ጋር እየተቀላቀለ እንደሚጭበረበርና በምን እንደሚለይ ይዘረዝራል። ሻጩን ከሁሉ አስቀድሞ አላህን እንዲፈራ መምከር፣ ከዚያ መቆጣጠር ነው አካሄዱ።

ሥልጠናውን በተሟላ መልኩ የጻፈው ግን ካይሮ ውስጥ ሱቅ የነበረው አይሁዳዊ መድኃኒት ቀማሚ አል-ኩሂን አል-ዐጧር ነው። በ1260 (658 ሂጅራ) በዓረብኛ የጻፈው «ሚንሃጅ አድ-ዱካን»፣ የሱቅ መመሪያ እንደማለት ነው፣ የተዘጋጀው ሥራውን ለሚወርሰው ልጁ ነበር። 25 ምዕራፎች አሉት። ሚዛንና መስፈሪያ፣ ሽሮፕ አሠራር፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት የመቆያ ዕድሜ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለያ፣ ሁሉም ተጽፏል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ስለ መድኃኒት አንድም ነገር አያስተምርም፤ ልጁ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ነው የሚነግረው። በመካከለኛው ምሥራቅ የዐጧር ሱቆች መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመደርደሪያ አልወረደም።